የጠመንጃ በርሜል የሚያረጀው በምንድን ነው? መወልወልስ እስከ ምን ድረስ?

የጠመንጃን በርሜል ውስጡን ለማየት ለረጅም ዘመን የነበረው ዘዴ መቀርቀሪያውን አውጥቶ በርሜሉን ወደ ብርሃን ማቅናትና በአንድ ዓይን መመልከት ነበር። እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ደህና ነው ይባላል፤ ከደበዘዘ ይወለወላል። በቅርብ ዓመታት ግን ከእጅ ስልክ ጋር ተገናኝተው በርሜል ውስጥ የሚገቡ ቀጫጭን ካሜራዎች ማንም ሊገዛቸው የሚችል ዕቃዎች ሆነዋል። በእነዚህ ካሜራዎች ሲታይ፣ ትናንት ያብለጨልጭ የነበረው በርሜል አንድ ጫፉ ፀሐይ እንዳደረቀው ጭቃ የተሰነጣጠቀ፣ ጥላሸት የጋገረበት፣ ርዝመቱን ተከትሎም የመዳብ ጭረት የተለጠፈበት ሆኖ ይገኛል።

ምስሉ ብዙ ባለ ጠመንጃዎችን አስደንግጧል፤ ድንጋጤውም ሁለት ተቃራኒ ምክሮችን አበራክቷል። አንደኛው ወገን ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይወልወል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በርሜልን የሚገድለው ተኩሱ ሳይሆን መወልወያ ዘንጉ ነው፣ ስለዚህ ዒላማ መምታት እስኪያቅተው ድረስ አይነካ ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ስሕተታቸው የበርሜልን ማለቅና የበርሜልን መቆሸሽ እንደ አንድ ጉዳይ መውሰዳቸው፣ ቆሻሻውንም ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው መቁጠራቸው ነው። የጠመንጃ በርሜል በአብዛኛው የሚያልቀው በሙቀት ነው፤ ሙቀት የበላውን ብረት መወልወል አላመጣውም፣ ሊመልሰውም አይችልም። መወልወል የሚያስፈልገው ለሌሎች ምክንያቶች ሲሆን፣ ልኩም የሚወሰነው በርሜሉ ውስጥ የቀረው ነገር ምንነት ታውቆ ነው።

የክፍሎቹ ስም

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚምታታው ስለ በርሜሉ የትኛው ክፍል እንደሚወራ ባለመለየቱ ነው። በርሜሉ ከኋላ የሚጀምረው ጥይት በሚጎርስበት ሰፋ ያለ ክፍል ሲሆን፣ ይህን ማጉረሻ እንለዋለን። ከማጉረሻው ቀጥሎ፣ አረሩ ከቀለሃው ተላቆ ወደ ፊት የሚሻገርበት አጭር መተላለፊያ አለ፤ ስሙ ጉሮሮ ይሁን። ከጉሮሮው እስከ አፈሙዙ ድረስ በግድግዳው ላይ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች ተቀርጸዋል። በቦዮቹ መካከል ከፍ ብለው የቀሩት ሸንተረሮች አረሩን ነክሰው እያሾሩ ያስወጡታል፤ መሾሩም አረሩ በአየር ላይ ሳይገለባበጥ እንዲበር ያደርገዋል። የሸንተረሮቹ ከፍታ በተለመደው ጠመንጃ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ የሚሻገር አይደለም፤ ስለ መበላት ሲነገር የሚወራው ስለዚህች ከፍታ ነው። የመጨረሻው ክፍል አረሩ በርሜሉን የሚሰናበትበት የአፈሙዙ ከንፈር ነው።

አረር ሲባል ወደ ዒላማው የሚሄደው ብቻ፣ ጥይት ሲባል አረሩ፣ ባሩዱ፣ ቀለሃውና ከቀለሃው ሥር ያለው መለኮሻ አንድ ላይ እንደሆነ ይያዝልን።

እሳት የሚበላው ጉሮሮውን ነው

በብዙ አገሮች ሠራዊትና አዳኞች ዘንድ የተለመደው 7.62 በ51 ጥይት (ቁጥሮቹ የበርሜሉን ቀዳዳ ስፋትና የቀለሃውን ርዝመት በሚሊሜትር ያመለክታሉ) ሲተኮስ፣ በማጉረሻው ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ግፊት ወደ 415 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት ከ4,000 ጊዜ በላይ ነው። የባሩዱ ጋዝ ሙቀት እንደ ባሩዱ ዓይነት ቢለያይም ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል፤ ንጹሕ ብረት ግን በ1,538 ዲግሪ ይቀልጣል። በርሜሉ ቀልጦ የማይፈሰው ጋዙ የሚቆይበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው። አረሩ በርሜሉን አቋርጦ ለመውጣት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ይበቃዋል። በዚህ ስሌት 5,000 ጥይት ተኩሶ ያለቀ በርሜል ዕድሜ ልኩን እሳት የተሸከመበት ጊዜ ቢደመር ዐሥር ሰከንድ አይሞላም።

ጊዜው ቢያጥርም ሙቀቱ የግድግዳውን ስስ የላይኛ ሽፋን ያገኘዋል። ይህ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ የማይበልጥ ሽፋን በቅጽበት ይግላል፤ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ወዲያው ሙቀቱን ይስበዋል። ብረቱ ከ700 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ውስጣዊ አደረጃጀቱ ይለወጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለወጣል፤ በየለውጡም መጠኑ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ከጋዙ የሚመጣው ካርቦንና ናይትሮጅን ወደ ሽፋኑ ይሰርግና ጠንካራ ግን ተሰባሪ ያደርገዋል። በዚህ መሐል ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ ከተኩስ ተኩስም እየተገናኙ የአዞ ቆዳ የመሰለ መረብ ይሆናሉ። የሚቀጥለው ተኩስ ጋዝ በስንጥቆቹ ውስጥ እየሾለከ ጠርዛቸውን ይልጣል፣ ፍርፋሪ ብረትም ይዞ ይወጣል። ጉሮሮው የሚሰፋው፣ የሸንተረሮቹም መነሻ ወደ ፊት የሚሸሸው እንዲህ ነው። በካሜራ የታየውና ብዙዎችን ያስደነገጠው ስንጥቅ ይኸው ነው፤ ጥቂት መቶ ጥይት በተኮሰ ደህና በርሜልም ላይ ሊታይ ይችላል፣ በራሱም የማለቅ ምልክት አይደለም።

ጉዳቱ በሙቀት መሆኑን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ቦታው ነው። መበላቱ ከዘንጉ መመላለስ ቢሆን ኖሮ በርሜሉ ከዳር እስከ ዳር ይበላ ነበር፤ ከአረሩ ፍትጊያም ቢሆን አረሩ በጣም በሚፈጥንበት በአፈሙዙ በኩል ይብስ ነበር። በተግባር የሚገኘው ግን ሌላ ነው። ጉሮሮው አልቆ ዒላማ መምታት ያቃተው በርሜል ከመካከሉ እስከ አፈሙዙ ድረስ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ የጠመንጃ ሠሪዎች የተበላውን የኋላ ክፍል ጥቂት ቆርጠው፣ ማጉረሻውን እንደገና ቦርቡረው በርሜሉን ለተጨማሪ ጊዜ የሚያገለግል የሚያደርጉት።

የታሪክ ማስረጃም አለ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1888 የተቀበለችው ሊ ሜትፎርድ ጠመንጃ ጥቁር ባሩድ የሚተወውን ብዙ ጥላሸት ታሳቢ አድርገው የተቀረጹ፣ ጥልቀት የሌላቸውና ጠርዛቸው ክብ የሆነ ቦዮች ነበሩት። ኮርዳይት የተባለው ጭስ አልባ ባሩድ ሲመጣ ግን 58 ከመቶው ናይትሮግሊሰሪን ስለነበረ በጣም ይግል ነበር፤ ለስላሶቹን ሸንተረሮችም በፍጥነት በላቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 ጠርዛቸው ቀጥ ያለ፣ ጠለቅ ያሉ ቦዮች ያሉት ሊ ኤንፊልድ ተተካ። ቀጥሎም የኮርዳይቱ ናይትሮግሊሰሪን ወደ 30 ከመቶ እንዲወርድ ተደረገና መበላቱ ቀነሰ። የተለወጡት የቦዮቹ ቅርጽና የባሩዱ ግለት ነበሩ።

ለምን አንዱ ቶሎ ያልቃል፣ ሌላው ይቆያል?

የበርሜልን ዕድሜ በዋናነት የሚወስነው በምን ያህል ቀዳዳ ውስጥ ምን ያህል ባሩድ ይቃጠላል የሚለው ነው። 308 ዊንቸስተር የተባለው ጥይት ወደ 2.9 ግራም ባሩድ የሚያቃጥለው 48 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ በሚሆን ቀዳዳ ውስጥ ነው። 243 ዊንቸስተር ከዚሁ ቀለሃ የተወለደ ሲሆን አፉ ጠቦ ቀለል ያለ አረር ስለሚጎርስ ወደ 2.6 ግራም ባሩድ በ30 ካሬ ሚሊሜትር ያሳልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር የሚሸከመው እሳት በግማሽ ገደማ ይበልጣል። በትክክለኛ ዒላማ የሚወዳደሩ ተኳሾች የሚሰጡት ግምትም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ለመጀመሪያው ወደ 5,000 ጥይት፣ ለሁለተኛው 1,500 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ፣ በመካከል ላለው 6.5 ክሪድሙር ከ2,000 እስከ 3,000 ይላሉ። ባሩዱ ወደ 0.1 ግራም ብቻ የሆነው ትንሹ 22 ሎንግ ራይፍል ደግሞ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት ይተኩሳል። እነዚህ ቁጥሮች የውድድር ተኳሽ በርሜሉን የሚጥልባቸው ወሰኖች ናቸው። በመቶ ሜትር ርቀት አንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ መምታት ለሚበቃው ሰው ያው በርሜል ከዚያ በኋላም ብዙ ያገለግላል።

ሁለተኛው ወሳኝ ነገር የተኩሱ ፍጥነት ነው። በርሜሉ ሳይቀዘቅዝ የሚጨመር እያንዳንዱ ጥይት ከቀድሞው በሞቀ ብረት ላይ ስለሚያርፍ፣ ስሱ ሽፋን የሚደርስበት ሙቀት ከፍ ይላል። የአሜሪካ ሠራዊት ኤም 16 ጠመንጃ መመሪያ ያለማቋረጥ ለሚደረግ ተኩስ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ጥይት ብሎ ወሰን ያስቀመጠው ጠመንጃው ከዚያ በላይ መተኮስ ስለማይችል አይደለም፤ ሙቀቱ ከሚሸሸው በላይ ስለሚከማች ነው። ሃያ ጥይት በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሰውና በአንድ ሰዓት ውስጥ አከፋፍሎ የተኮሰ ሰው በርሜላቸውን እኩል አላስረጁም፤ አንዱም ከሌላው በበለጠ ስለወለወለ ይህ ልዩነት አይካካስም።

ሦስተኛው የብረቱ ሽፋን ነው። ክሮም የሚቀልጠው በ1,907 ዲግሪ ስለሆነና ዝገትንም ስለሚቋቋም፣ ክላሽንኮቭን ጨምሮ ብዙ የጦር ጠመንጃዎች በርሜላቸው ውስጡ በክሮም ይለበጣል። ልባሱን በሁሉም ቦታ እኩል ውፍረት እንዲኖረው ማድረግ አስቸጋሪ በመሆኑ ግን የውድድር ጠመንጃ ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይርቁታል። ለከባድ ተኩስ በተሠሩ መትረየሶች፣ ለምሳሌ በአሜሪካው ኤም 60፣ ከጉሮሮው ጀምሮ ስቴላይት የተባለ ሙቀት ቻይ ቅይጥ ቱቦ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግንዛቤ መታረም አለበት፤ «የማይዝግ ብረት» ተብሎ የሚሸጥ በርሜልም ቶሎ አይዝግም ማለት እንጂ ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም።

ቆሻሻው አንድ ዓይነት አይደለም

አንድ ጠመንጃ ከተተኮሰ በኋላ ምን እንደሚወጣ ለማየት፣ በማሟሚያ ፈሳሽ የረጠበ የመጀመሪያ ጨርቅ በዘንግ ተገፍቶ ሲያልፍ መመልከት ይበቃል። ጨርቁ እንደ ዝፍት ጠቁሮ ይወጣል። ሁለተኛው ግራጫ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ቡናማ ጥላ ብቻ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨረስኩ ይላል። አሞኒያ ያለበት ማሟሚያ ተቀብቶ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ከተተወ በኋላ ግን የሚቀጥለው ጨርቅ ሰማያዊ አረንጓዴ መስመሮች ይዞ ይወጣል፤ መስመሮቹም የቦዮቹን ጥምዝ የተከተሉ ናቸው። ጥቁሩ ጥላሸት፣ ሰማያዊው መዳብ ነው። ሦስተኛው ቆሻሻ፣ ጨው፣ ጨርቁ ላይ ምንም ቀለም ስለማይተው አይታይም፤ ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ግን እሱ ነው።

ጨው የሚመጣው ከመለኮሻው ነው። የቀድሞ መለኮሻዎች ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ውሕድ ነበራቸው፤ ይህም ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል፣ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ የሆነ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ በአንድ ሌሊት ውስጥ በርሜሉን አዝጎ ሊያድር ይችላል። ዋናው ችግር ጨው በዘይትም ሆነ ዘይት በሆኑ ማሟሚያዎች አለመሟሟቱ ነው። ጠመንጃውን በጥንቃቄ ወልውሎ ዘይት የቀባ ሰው ጨውን ከዘይቱ ሥር ቀብሮት ያድራል፤ ጠዋት ዝገት ሲያገኝም ዘይቱን ይከሳል። የሚያሟሟው ውሃ ነው። የብሪታንያ ወታደሮች የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ በበርሜላቸው ውስጥ ያፈስሱ የነበረውም ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ ጨውን ከማሟሟቱም በላይ ብረቱ ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳል። ጨው የማይተዉ መለኮሻዎች በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተሠርተው ከዚያ ቀስ በቀስ ተስፋፉ፤ የአሜሪካ ሠራዊት ግን ለዋና ጠመንጃዎቹ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አሮጌውን ይጠቀም ነበር፤ በምሥራቁ ጎራ የተሠሩ ጥይቶች ደግሞ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ጨው ነበረባቸው። ከመጋዘን የወጣ አሮጌ ጥይት የሚተኩስ ሰው፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን በእርግጠኝነት ማንበብ ካልቻለ ጨው እንዳለበት ቆጥሮ መወልወል አለበት።

መዳብ ከአረሩ ልባስ ይመጣል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ልባሱ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ሳለ፣ በአፈሙዙ አጠገብ እየተቆለለ ዒላማን የሚያስት እብጠት ይሠራ ነበር። 95 ከመቶ መዳብና 5 ከመቶ ዚንክ የያዘው ልባስ ሲተካው ችግሩ በእጅጉ ቀለለ። አንዳንድ የዛሬ ባሩዶችም መዳቡ እንዳይጣበቅ ቢስሙዝ የተባለ ማዕድን ይጨመርባቸዋል። ቀጭን የመዳብ ሽፋን ለበርሜሉ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም የቦዮቹን ጥቃቅን ሸካራነት ሞልቶ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ከሚፋቀው ጋር ይመጣጠናል። መዳቡን እስከ መጨረሻው ፍቆ ያወጣ ተኳሽ በመጀመሪያዎቹ ጥይቶች የምቱ ቦታ ከቀድሞው ዞር ብሎ የሚያገኘው ይህ ሚዛን ስለፈረሰ ነው።

ጥላሸት ግን ሁለት ጠባይ አለው። በበርሜሉ ርዝመት ላይ ያለው በቀላሉ ይወጣል። ከቀለሃው አፍ ፊት ለፊት፣ በማጉረሻውና በጉሮሮው መጋጠሚያ የሚከማቸው ደግሞ ተኩስ በተኩስ ላይ እየጋገረ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ የቀለበት ቅርጽም ይይዛል። ቀለበቱ ከወፈረ የቀለሃውን አፍ ወይም አረሩን ያንቃል፤ ግፊቱ ከተለመደው በላይ ይሆናል፣ የአረሮቹም ፍጥነት ይዘበራረቃል። ጨርቅ በላዩ አልፎ ነጭ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል፣ ለነጭ ጨርቅ የሚተጋው ሰው ይህን ቆሻሻ ሳያየው ይቀራል።

ኤም 16 በቬትናም፦ መወልወያ ሳይታደል የቀረበት ጊዜ

መወልወል አያስፈልግም ለሚለው አስተያየት ከባዱ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በቬትናም የሆነው ነው። ለአሜሪካ ወታደሮች አዲሱ ኤም 16 ሲሰጥ፣ ጠመንጃው መወልወል እምብዛም አያስፈልገውም የሚል ወሬ አብሮ ተሰራጭቶ ነበር፤ ለብዙዎቹም መወልወያ ዕቃም ሆነ በቂ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። በዚያ ላይ የጥይቱ ባሩድ ጠመንጃው ከተሞከረበት ወደ ሌላ ዓይነት ተለውጦ ነበር፤ አዲሱ ባሩድ ቅሪት ይተዋል፣ የመተኮሻውንም ፍጥነት ይጨምራል። ማጉረሻው ክሮም ስላልተለበጠ በእርጥቡ አየር እየዛገ ሸካራ ሆነ። ቀለሃው ሲተኮስ ይለጠጥና በሸካራው ግድግዳ ላይ ተነክሶ ይቀር ጀመር። ወታደሩ በውጊያ መካከል የመወልወያ ዘንግ ካገኘ በአፈሙዙ በኩል አስገብቶ ቀለሃውን ይገፋል፤ ካላገኘ ጠመንጃው በእጁ ላይ ዱላ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የሞቱ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ፣ በሪቻርድ አይኮርድ ሰብሳቢነት፣ ጉዳዩን መርምሮ የባሩዱን ለውጥ አጥብቆ ወቀሰ። መወልወያ ታደለ፣ መጀመሪያ ማጉረሻው በኋላም በርሜሉ በሙሉ በክሮም ተለበጠ። ልብ መባል ያለበት ግን የጠመንጃው ጥፋት ከጥምዝ ቦዮቹ ጋር ግንኙነት እንዳልነበረው ነው። ጠመንጃዎቹ ያቃታቸው ዒላማ መምታት ሳይሆን ቀለሃ መትፋት ነበር። ዛሬም በርሜሉን አሥር ጊዜ የሚያመላልሱ ብዙ ሰዎች ማጉረሻውን በአንድ ጨርቅ እንኳ አይነኩትም፤ ከዚህ የበለጠ የተዛባ ትጋት የለም።

ዘንጉም ጉዳት አለው

በመወልወል የሚደርስ ጉዳት እውነተኛ ነው፤ ቦታው ግን በአብዛኛው የአፈሙዙ ከንፈር ነው። አረሩ ሲወጣ ከኋላው ያለው ጋዝ በዙሪያው እኩል ማምለጥ አለበት። ከንፈሩ በአንድ ጎን ከተበላ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ገፋ ያደርገዋል፤ በአፈሙዙ ላይ በዓይን የማትታይ ጎዶሎ በዒላማው ላይ የጎላ ስሕተት ትሆናለች። የቀድሞውን የአሜሪካ ሠራዊት ጠመንጃ ኤም 1 ጋራንድን የመሳሰሉ ጠመንጃዎች አሠራራቸው ከኋላ ዘንግ ስለማያስገባ በአፈሙዝ በኩል መወልወላቸው ግድ ነበር። ዘንጉ እየታከከ ከንፈራቸውን የበላባቸው አሮጌ ጠመንጃዎች ጥቂት አይደሉም፤ ጉሮሯቸው ደህና ሆኖ አፈሙዛቸው ብቻ የሰፋ ይገኛሉ። በብሪታንያ ጠመንጃዎችም ጨርቅ ይጎተትበት የነበረው ገመድ ወደ አንድ ጎን ተዘንብሎ ሲሳብ፣ በላዩ ላይ ከተጣበቀው አሸዋ ጋር ሆኖ አፈሙዙን እንደ ሞረድ ይከረክረው ነበር።

የናስና የነሐስ ብሩሽ ከብረቱ ስለሚለሰልስ በራሱ በርሜሉን አይቧጭርም፤ የሚቧጭረው በብሩሹ ውስጥ የቀረ አሸዋ ነው። ለጋገረው ጥላሸት የሚሸጡት ሻካራ ቅባቶች ግን በእርግጥ ብረቱን የሚፍቁ ናቸው፤ አልፎ አልፎ በጉሮሮው ዙሪያ ቢውሉ ይጠቅማሉ፣ በየሳምንቱ በርሜሉን በሙሉ ሲያሹበት ግን የሸንተረሮቹን ጠርዝ ያጠፋሉ። አሞኒያ ያለበት ማሟሚያም አምራቹ ከጻፈው ደቂቃ በላይ በርሜል ውስጥ ማደር የለበትም። የነሐስ ብሩሽ በዚህ ማሟሚያ ከተነከረ ብሩሹ ራሱ ስለሚሟሟ ጨርቁ ለዘላለም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ የሌለ መዳብ ፍለጋ ሰዓታት የሚፈጁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ወገኖች ለምን አይስማሙም?

በተደገፈ ጠመንጃ በአጭር ርቀት የሚወዳደሩ ተኳሾች በየሃያና በየሠላሳ ጥይቱ ይወለውላሉ፤ በርሜሎቻቸው ግን በስተመጨረሻ የሚያልቁት እንደ ሌላው ሁሉ በጉሮሯቸው ነው። ይህ በጥንቃቄ የሚደረግ አዘውትሮ መወልወል በርሜል እንደማይገድል ያሳያል። በረጅም ርቀት የሚወዳደሩት ደግሞ ብዙ መቶ ጥይት ሳይወለውሉ ይተኩሳሉ፣ ዒላማቸውንም ይመታሉ፤ ይህም መጠነኛ ቆሻሻ በርሜልን እንደማይገድል ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ የሚሹት አምስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ማሳለፍ ስለሆነ ትንሿም የፍጥነት ልዩነት ታስጨንቃቸዋለች። ሁለተኞቹ ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ በርሜል ይፈልጋሉ፤ የተወለወለ በርሜል እስኪረጋጋ የሚያባክነው ጥይት ይጎዳቸዋል። ሁለቱም ለሥራቸው ትክክል ናቸው፤ ስሕተቱ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ልማድ ለአዳኝ ወይም ለጠባቂ ሕግ አድርጎ ሲሰጥ ነው።

ክርክሩን በፈተና መቁረጥ ያላስቻለውም ግልጽ ነው። አንድን በርሜል ለመፈተን በርሜሉን መጨረስ ያስፈልጋል፤ ሁለት በርሜሎችም ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ቢወጡ እንኳ እኩል አያረጁም። አዲስ በርሜልን በየጥይቱ እየወለወሉ «ማላመድ» ያስፈልጋል አያስፈልግም በሚለው ላይ በርሜል ሠሪዎቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ ያልተስማሙት በዚሁ ምክንያት ነው። በጸሐፊው አመለካከት፣ በእጅ ተሞርዶ ለለሰለሰ በርሜል ማላመዱ ከጥቂት ጥይት በላይ ሊደከምበት የሚገባ አይደለም።

እንግዲህ ልኩ የቱ ነው?

ከሁሉ በፊት ካዝናው ወጥቶ፣ ማጉረሻው በዓይንም በጣትም ተፈትሾ ጥይት አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ከመለኮሻው የሚወጣው ቅሪት እርሳስ ስለሚይዝ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሠራ፤ እጅም ምግብ ከመንካቱ በፊት ይታጠብ።

ጨው ያለበት ጥይት ከተተኮሰ መወልወል ለነገ አይባልም፤ በዚያው ዕለት በውሃ፣ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ፣ በመጨረሻም በስስ ዘይት መሆን አለበት፣ በማግሥቱም አንድ ጊዜ መታየት ይገባዋል። ዝናብ ወይም ላብ የነካው ጠመንጃም በዚሁ ዓይነት ይያዝ። ጨው በሌለው ጥይት ጥቂት ለተኮሰ አዳኝ ግን ሁለት ሦስት እርጥብ ጨርቅ፣ አንድ ደረቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት ይበቃል፤ መዳቡን ማሳደድ አያስፈልገውም። ዘንጉ የሚቻል ከሆነ ከኋላ ይግባ፣ ዘንጉን መሐል ለመሐል በሚይዝ መምሪያ ቱቦ ይደገፍ፤ አፈሙዙም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ አለዚያ ማሟሚያው ወደ ቃታውና ወደ ሰደፉ እንጨት ይወርዳል። ማጉረሻው በራሱ ብሩሽ ይወልወልና ይድረቅ።

መዳብን እስከ ሥሩ ማውጣት የሚያስፈልገው ዒላማው ላይ ምክንያት ሲኖር ነው። ጠመንጃው ከልማዱ በላይ መበተን ሲጀምር፣ መጀመሪያ በጉሮሮው ዙሪያ ያለው ጥላሸት፣ ቀጥሎ መዳቡ ይወጣል፤ ከዚያ ጥቂት ጥይት ተተኩሶ እንደገና ይታያል። ከተመለሰ ችግሩ ቆሻሻ ነበር። ካልተመለሰ፣ የአፈሙዙ ከንፈርና የማነጣጠሪያው ብሎኖች ደህና ከሆኑ፣ ጉሮሮው አልቋል ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጨመር ውልወላ ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ለመተኮስ የወጣ በርሜል ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። በውስጡ የቀረ ወፍራም ዘይት ግፊትን ይጨምራል፤ ተረስቶ የቀረ ጨርቅ ወይም ተሰብሮ የቀረ ብሩሽ ግን በርሜሉን ሊያሳብጥ፣ ሊያፈነዳውም ይችላል። በርሜልን ወደ ብርሃን አቅንቶ በአንድ ዓይን የማየቱ አሮጌ ልማድ ለዚህ አሁንም ተወዳዳሪ የለውም።

ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ

ጉዳዩ በሚመጡት ዓመታት ይበልጥ መነጋገሪያ የሚሆነው የጥይቶች ግፊት እያደገ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2022 የመረጠው 6.8 በ51 ጥይት እስከ 550 ሜጋፓስካል ገደማ ለሚደርስ ግፊት የተሠራ ሲሆን፣ ቀለሃውም ግፊቱን እንዲችል ሥሩ ከብረት፣ አካሉ ከናስ ሆኖ ተገጣጥሟል። ጠበብ ባለ ቀዳዳ የበለጠ ግፊት ማለት ደግሞ ለጉሮሮው የበለጠ እሳት ነው። ሽፋኖችና ቀዝቀዝ ያሉ ባሩዶች ከፊሉን ይካሱ ይሆናል፤ የጠመንጃው ባለቤት ግን ከሁሉ በፊት የተኩሱን ፍጥነት በማርገብ የበርሜሉን ዕድሜ ማራዘም ይችላል።

ዕድሜውን ለመከታተልም ከካሜራው ምስል የሚሻል ቀላል መለኪያ አለ። በርሜሉ አዲስ ሳለ አንድ አረር ሸንተረሮቹን የሚነካበት ጥልቀት ተለክቶ ይጻፋል፤ ከዚያ በየ500 ጥይቱ በዚያው ዓይነት አረር እንደገና ይለካል። ጥልቀቱ በዝግታ ሲጨምር ጉሮሮው በተለመደው መንገድ እየተበላ ነው። በድንገት የቀነሰ መስሎ ከታየ ግን ብረት አላደገም፤ ጥላሸት ጋግሯል፣ ያን ጊዜ መወልወል ያስፈልጋል።